ያልተሾመ ዳኛ

የያዙኝ ፋሲሎ ሰፈር፣ ከቤቴ በር ላይ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በእጄ እንደያዝሁ ነው። ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ ተመልሶ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካለ አሮጌ መጋዘን አስገቡኝ። አርባ የሚሆን ሰው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የሲሚንቶው ወለል ርጥብ ነው፤ ቤቱ ላብና ዓሣ ይሸታል። ያለችው መስኮት አንዲት ናት፣ በሐይቁ በኩል።

እስረኞቹ ሥራዬን ጠየቁኝ። ሕግ አስተምራለሁ አልሁ፤ የሕግ ፍልስፍና። አንዱ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና «እንግዲህ ዳኛ አገኘን» አለ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር።

ዳኛ ግን ነበራቸው። ከአንበሳሜ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሁሉም «አያ» ይሏቸዋል። ፊደል አልቆጠሩም። ማንም አልመረጣቸውም፣ ማንም አልሾማቸውም። ሰው ሲጣላ ግን ፊቱን የሚያዞረው ወደሳቸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከመስኮቷ ሥር ባለችው ቦታ ጠብ ተነሣ። ቦታዋን ቀድሞ የያዘው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። አስም ያለበት የፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ አየር ስላጠረው ለእኔ ትገባለች አለ። አንዱ «ቀድሜ ይዣለሁ»፣ ሌላው «ታምሜያለሁ»፤ ሊደባደቡ ተነሡ።

እስኪጠይቁኝ አልጠበቅሁም። ቆሜ ተናገርሁ። ቀድሞ የያዘ ሰው መብቱ ከየት እንደሚመነጭ፣ ችግር ብቻውን መብት ይወልድ እንደሆነ፣ ማን ታማሚ ማን ጤነኛ እንደሚሆን አስቀድመን ባናውቅ ኖሮ ምን ዓይነት ደንብ እንደምንመርጥ አስረዳሁ። ጥሩ ተናገርሁ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ተማሪዎቼ ይጽፉት ነበር። በአክብሮት ሰሙኝ። ስጨርስ ሁለቱም ወደ አያ ዞሩ።

አያ ልብስ ሰፊውን «ልጄ፣ መስኮቷ ምን ታደርግልሃለች?» አሉት።

«ማዶውን አይባታለሁ። ቤቴ ቆላ ድባ ነው። አገሩ አይታይም፤ ግን በዚያ በኩል ነው።»

«ሌሊትስ ይታይሃል?»

«ኧረ በጨለማ ምን ይታያል፣ አያ።»

«እንግዲያ ቀን ቀን አንተ ተቀመጥ። ሌሊት እሱ ይተኛባት።»

በዚሁ አለቀ። ሁለቱም እጅ ነሡ።

 ስንት ዓመት ያነበብሁ ሰው፣ ያችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ሲስቁ አልወድም። ሰው ተሽቀዳድሞ ውሃ ሲያቀብላቸው አልወድም። እንቅልፋቸው እንኳ አስቀናኝ። ሲሳሳቱ ላያቸው ጠበቅሁ፤ አልተሳሳቱም።

አንድ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

«መምህር፣ እዚያ ውስጥ ፍርድ ቤት አቁማችኋል አሉ። ሰዎቹ ከጠባቂዎቻችን ይልቅ የሚሰሙት ዳኛ አለ። ማን ነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«አንተ የሕግ ሰው ነህ። ሳይሾም የሚፈርድ ሰው ምን ይባላል?»

ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ ፍርድን ፍርድ የሚያደርገው ዳኛውን የሾመው ነው ወይስ ፍርዱን የተቀበለው ሰው? ክፍል ውስጥ መልሱ ማንንም አይጎዳም። እዚህ ግን አንድ ስም ብጠራ ሽማግሌው ጨለማ ክፍል ይገባሉ፤ በመጋዘኑ ሕግ አዋቂ ሆኜ የምቀረው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን አሰብሁ። አላሰብሁም ብል ውሸት ነው። ስማቸው ምላሴ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ?»

«ዳኛው እኔ ነኝ። ሌላ የለም።»

ዘጠኝ ቀን ጨለማ ክፍል ቆየሁ። ስመለስ ዓይኔ ብርሃን አልችል አለ። አያ ከጎናቸው አስቀመጡኝና ዳቧቸውን ለሁለት ቆርሰው ሰጡኝ።

«ዳኛው እኔ ነኝ አልህ አሉ።»

«አዎ፣ አያ።»

«በሐሰት መሰከርህ እኮ።» ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

«እንግዲያ ይፍረዱብኝ» አልሁ።

«እኔማ ዳኛ አይደለሁም» አሉና ዳቧቸውን ማኘክ ቀጠሉ።

አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። አያም ተፈትተው አገራቸው ገብተዋል። በገበያ ቀን ሰው የድንበሩንም የፍቺውንም ጉዳይ ይዞ ወደሳቸው ይሄዳል ሲሉ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። አብረውኝ የታሰሩት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ሽማግሌውን አዳንሃቸው ብለው ያመሰግኑኛል። አላርማቸውም። ያን ጠዋት የተናገርሁት እሳቸውን ላድን ብዬ ይሁን፣ ወይስ አንድ ጊዜ እንኳ ዳኛው ተብዬ ልጠራ ብዬ፣ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።