መንግሥት ዞር አለ

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናግዳለሁ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ደንበኞች «ዝምተኛዋ» ይሉኛል።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሦስት ያገሬ ሰዎች ይመጣሉ፤ ሁሉም ቢሮ የሚሠሩ ናቸው። ጥብስ አዝዘው አገር ያወዳድራሉ። የኬንያ ምርጫ፣ የሩዋንዳ አገዛዝ፣ የኛ ፌዴራሊዝም፣ ፓርላማ ይሻላል ወይስ ፕሬዚዳንት። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ ባለመነጽሩ ነው።

አንድ ቅዳሜ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ገብቶ ወረቀት ጠየቀኝ። ፓስፖርቴን ሰጠሁት። የቪዛዬ ጊዜ ገና አላለፈም። ሳይገልጠው ኪሱ ከተተና በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ፤ የገባኝ «ኦፊስ» የሚለው ብቻ ነው። ቤቴ ከወንዙ ማዶ፣ ጉምቦ ነው። ድልድዩ ላይ ቢያስቆሙኝ ምን አሳያለሁ?

ወደ ሦስቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መንግሥት ፓስፖርቴን ወሰደብኝ።»

ሳቁ።

«የትኛው? ፓርላማዊው ነው ፕሬዚዳንታዊው?» አለ አንዱ።

«እኅቴ፣ መንግሥት ሰው አይደለም፤ ተቋም ነው» አለ ባለመነጽሩ። «ይህን ባለመለየታችን እኮ ነው እዚህ የደረስነው። እስቲ እንጀራ ጨምሪልን።»

እኛ ሰፈር የቀበሌ ሰው ሲመጣ «መንግሥት መጣ» ነው የሚባለው። እናቴ ሌላ ስም አታውቅለትም። ተሳስቼም ከሆነ፣ ተነስተው ለሰውየው በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ቢነግሩልኝ ምን ነበረበት? ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወጥ ሠሪያችን ጋምቤላ ያደገች የዚህ አገር ልጅ ናት። ከጓዳ ወጥታ ፊቴን አየች።

«አንቺ፣ ማን ነካሽ?»

ስነግራት ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች፤ ተከተልኳት። ሰውየው መኪናው ውስጥ ሊገባ ነው።

«ያ ሐኩማ» ብላ ጠራችው። በጁባ ዐረብኛ «አንተ መንግሥት» ማለቷ ነው።

ዞር አለ። እናቱ ባወጣችለት ስም የጠሩት ይመስል ዞር አለ።

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በዐረብኛ ወረደችበት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ሳቅ አመለጠው፤ ፓስፖርቴን አውጥቶ ሰጣት።

ስመለስ ባለመነጽሩ ፓስፖርቴን አየና «አየሽ፣ ሕግ ካለ ምንም አትሆኚም» አለኝ።

«ተቋሙ ሲጠሩት ዞር አለ፣ ጋሼ» አልኩት።

ድምፄ ቀጭን ስለሆነ አልሰማኝም። «ምን አልሽ?» አለ።

ደገምኩለት። እንጀራውን ግን አልጨመርኩም።