«ፈቃዴ አልቋል» ያልኩ ቀን

ከብልባላ ከተማ በእግር የሚደረስባት አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ በኮንትራት የተቀጠርኩ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ከአንዲት ቋሚ ሠራተኛ ጋር እየተፈራረቅን እናዋልዳለን፤ አንድ ቤት ተከራይተንም እንኖራለን። የሁለታችን ልዩነት የሚታየው የሙያ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ነው። እሷ ለእድሳቱ የሚጠየቀውን ስልጠና በመሥሪያ ቤቱ ወጪ፣ ከነውሎ አበሏ ትወስዳለች። እኔ ግን ስልጠናውንም፣ ክፍያውንም፣ መኪናውንም፣ አልጋውንም ከኪሴ ነው የምከፍለው። ኮንትራቴ በየስድስት ወሩ የሚቀጥል ሲሆን ፈቃዱ ካልታደሰ ግን አይቀጥልም።

በዚያ ዓመት እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ደሴ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ «ወደኛ ነይ፣ የፈቃድሽን ወጪ እኛ እንችላለን» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በቃሬዛ የመጣች እናት ስቀበል፣ ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን ሳስቀዳ፣ «ዶክተር» እየተባልኩ የነርስ ደመወዝ ስበላ ሰልችቶኝ ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ እርጉዞቹን ትቼ ልሄድ ወሰንኩ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ አንዲት ባልቴት ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ለክትትል ይዘው መጡ። መውለጃዋ ሲደርስ የማዋልዳት እኔ መሆኔን ሲጠይቁኝ መዋሸቱም መናገሩም አቃተኝና «እኔንጃ እማማ፤ ፈቃዴ አልቋል» አልኳቸው። ወዲያው ልጃቸውን ይዘው ወጡ።

ቃሉን ማሰብ ነበረብኝ። ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ፈቃድ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ ሲያሻንም የዓመት እረፍት ነው። ለእሳቸው ግን ፈቃድ ያው ፈቃድ ነው፣ የሰው ውዴታ። «ፈቃዴ አልቋል» ያለ ሰው፣ ከእንግዲህ ከእናንተ ጋር መኖር አልሻም ያለ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው መሀል ቆመው አገኘሁ። አንደኛው የአጥቢያው ቄስ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ሚስቶቻቸውን ያዋለድኩላቸው ገበሬዎች። ባልቴቷ ከኋላቸው ቆመዋል። የታመመ ያመጡ መስሎኝ ታማሚው የት እንዳለ ጠየቅሁ። ታማሚ የለም። አግዳሚ ወንበር አወጣሁላቸው፤ አንቀመጥም አሉ። ያን ጊዜ ነው ለሽምግልና እንደመጡ የገባኝ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን፤ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም።

«ያስቀየመሽ ማን ነው ልጄ?» አሉኝ ቄሱ። «እሱን ብቻ ንገሪን። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ እንክሳለን።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገለጥልኝ ሳቄ መጣ፤ የአንደኛውን ገበሬ ፊት ሳይ ግን ዋጥኩት። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች አምቡላንስ ዘገየ ብሎ ጮኾብኝ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ ግን ቂሜ ያ መስሎት አንገቱን ደፍቷል።

ወረቀት ነው ብዬ አስረዳኋቸው፤ ጊዜው የሚያልፍ፣ የሚታደስ፣ የሚከፈልበት ወረቀት። ቄሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ማዋለዱን ረስቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልረሳሁም አልኩ።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚታደስ? የእኔም ክህነት በየጊዜው በክፍያ የሚታደስ ቢሆን፣ ይኸኔ እንደነዚህ አራሽ ብቻ ነበርሁ።»

አንገቱን የደፋው ሳይቀር ሳቁ። እኔ ደግሞ ማን ጠበቃ እንዳቆመኝ እንጃ፣ ለደንቡ መከራከር ጀመርኩ። መድኃኒቱ ይለወጣል፣ አሠራሩ ይለወጣል፣ ሳንማር ብንቀር የምትጎዳው እናት ናት አልኳቸው። ይኼን ተቀበሉ። ያልገባቸው ቋሚዋ ሳትከፍል እኔ የምከፍልበት ምክንያት ነው፤ እሱን እኔም ላስረዳቸው አልቻልኩም።

ነገሩ አለቀ ብዬ እንዲቀመጡ ብለምናቸው አሁንም አልተቀመጡም። ባልቴቷ ወደፊት ጠጋ አሉ።

«የወረቀቱስ ይሁን፣ ሆዴ። ያንቺው ፈቃድ አለ ወይ?»

ስቀጠርም ሆነ ኮንትራቴ ሲራዘም እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቃሉን አሳስተው ሰሙ ብዬ በሆዴ ስስቅባቸው ቆይቻለሁ፤ እነሱ ግን በትክክል ነው የሰሙኝ። ያለቀው የወረቀቱ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። አለ ብል መዋሸቴ ነው፤ የለም እንዳልል ደግሞ እነዚያ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

«አለ፤ ተቀመጡ» አልኩ። ተቀመጡ።

ምሳ ላይ ለቤት ጓደኛዬ የደሴውንም ጭምር ነገርኳት። እንደ ልማዷ ሰደበችኝ፤ እስካሁን ስለደበቅኋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቻዋን ጥያት ልሄድ ስለነበር። ሰድባ ስትጨርስ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች እቁብ በዚያ ወር የሚደርሳት እሷ ነበረችና ተራዋን ለቀቀችልኝ። ይህች ልጅ ሲቆጣ እንጂ ሲያዝን የማይታወቅ አንጀት ነው ያላት፤ በጣም ነው የምወዳት። ባልቴቷም ለመንገዴ ዳቦ ቆሎ ላኩልኝ።

ሆኖም የደሴውን ክሊኒክ እንቢ አላልኩም ነበር። ስልጠናውን ስወስድም፣ ከፍዬ ደረሰኙን ስቀበልም፣ የምሰጣቸውን መልስ አልቆረጥኩም። ሽማግሌ ፊት አለ ማለትና ከልብ አለ ማለት እንደሚለያዩ አውቃለሁ፤ የታደሰ ፈቃድ ይዤ ደግሞ የትም መቀጠር እችላለሁ።

ፈቃዱ የሚታደስበት ቢሮ ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ስሜን፣ ሙያዬን፣ ስልኬን ጠየቀችኝ። ቀጥላ በዚህ ፈቃድ የት እንደምሠራ ጠየቀችኝ።

«ብልባላ» አልኩ።

አልሰማችኝም መሰል፣ ቀና ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት።