አስራ ሰባት ነኝ ያልኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ኢንጅባራ... የኳስ ጌም የዞን ውድድር ላይ ግማሽ ፍጻሜውን አሸንፌ ጆይስቲኩን ገና ከእጄ ሳላስቀምጥ አንዱ አወዳዳሪ ማይክ ይዞ ተነሳ።

«ለፍጻሜ ያለፋችሁ ሁለታችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ጠረጴዛው ጋ ኑ። አስራ ስምንት ያለፈው አይጫወትም!»

መታወቂያዬን ከኪሴ አወጣሁ።

እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ትምህርት ቤት ያስገባኝ ዘግይቶ ስለነበር ሁለት ዓመት ቀንሶ ነው ያስመዘገበኝ። የተማሪ መታወቂያዬ አስራ ሰባት ይላል። ጓደኛዬ ስንታየሁ «ወረቀቱ ካለህ ማን ይጠይቅሃል!» ብሎ ነው ከዳንግላ ያመጣኝ። እሱ እዚያው ዳንግላ ማጣሪያው ላይ ስለወደቀ እኔን ሊደግፍ አብሮኝ መጥቷል።

ይቺን ካሸነፍኩ ባህር ዳር ለክልሉ ውድድር እሄዳለሁ። እዚያም ከቀናኝ አዲስ አበባ፣ ለአገር አቀፉ...

ጠረጴዛው ጋ ስደርስ መታወቂያ የሚያዩት ሴትዮ እትዬ ጥሩዬ ናቸው። ዳንግላ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ኢንጅባራ ከገቡ ዓመታት ሆኗቸዋል። እዚህ አገኛቸዋለሁ ብዬ በፍጹም አላሰብኩም። እኔና ልጃቸው ይበልጣል የተወለድነው በአንድ ቀን ነው፤ እኔ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። ክርስትናም አብረን ነው የተነሳነው። ይበልጣል በአምስት ዓመቱ ታሞ ሞተ።

«ውይ ልጄ! አደግህ እኮ!» ብለው ተነስተው አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ መታወቂያዬን ተቀብለው አዩና... ደግመው አነበቡት።

አጠገባቸው ማህተም የያዘው ወጣት ቸኩሏል። «እትዬ፣ ልምታው?»

«ቆይማ» አሉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አስራ ሰባት ነህ እንዴ?»

«አዎ... አስራ ሰባት ነኝ» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መቁጠር ጀመሩ፤ መሀል ላይ ጠፋባቸውና እንደገና ቆጠሩ።

«እኔ የይበልጣልን ዕድሜ የምቆጥረው ባንተ ነበር። ዘንድሮ አስራ ዘጠኝ ይሆነው ነበር እያልኩ... ተሳስቼ ኖሯል?»

እየፈተኑኝ አልነበረም። የምራቸውን ነው የጠየቁኝ። «አዎ ተሳስተዋል» ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

ከኋላዬ ስንታየሁ «ቶሎ በል እንጂ!» ይላል። ከጫግኒ የመጣው ተጋጣሚዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጣቶቹን ያፍታታል። ወጣቱ ማህተሙን ቀለም አስነክቶ ከስሜ በላይ ይዞ ይጠብቃል...

«አልተሳሳቱም እትዬ» አልኩ። «አስራ ዘጠኝ ነው።»

ማህተም የያዘው ልጅ ሰማ። በቃ፣ ስሜ ተሰረዘ።

በእኔ ቦታ እንዲጫወት ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሦስት ለአንድ ያሸነፍኩት የአዲስ ቅዳም ልጅ በስልክ ተጠራ። መናኸሪያ ደርሶ ነበር፤ እያለከለከ ተመለሰ። ሳይቀመጥ ጎትቼ «በግራህ በኩል ክፍት ትተዋለህ፣ እኔ ያገባሁብህ በዚያ ነው» አልኩት። በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። ባህር ዳር የሚሄደው እሱ ነው።

ልወጣ ስል እትዬ ጥሩዬ በር ላይ ደረሱብኝ። ስለ ውድድሩ ምንም አላነሱም። ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ይዘው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ይሄን ያክል ይሆን ነበር እንግዲህ...» አሉ።

ስንታየሁ ሚኒባስ ውስጥ እስከ ዳንግላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ስባል... የሁለት ሰው የምመልስ ይመስለኛል።