ለአጎቴ ድራም የመረጥኩት ማይክራፎን

ባለፈው ሳምንት በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አስተያየት እንድሰጥ ማይክራፎን አቀበሉኝ፤ ወደ አፌ ሳስጠጋው የዛገ ሽቦና የሰው ትንፋሽ ሽታው አፍንጫዬ ገብቶ የምናገረውን ሁሉ አጠፋብኝ። ይቅርታ ጠይቄ ለአጠገቤ ሰው አሳለፍኩና ተቀመጥኩ። ሰዉ ዓይን አፋር ናት ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ያን ሰዓት አሰብ ነበርኩ፣ የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ።

አባቴ ወደቡ ላይ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ዕድሜውን ጀነሬተር ቤት ውስጥ ፈጅቶ ጆሮው ደክሞ ስለነበር እናቴ ለምሳ ስትጠራው ሦስቴ ትጮህ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ በላቸው፣ የወታደር ባንድ ውስጥ ድራም ሲመታ ኖሮ መንግሥት ሲለወጥ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ነው። ድራሙን በከባድ መኪና አስጭኖ እኛ ዘንድ መጣና የጓሮዋን ክፍል ያዘ። ሠርግ እየመታ ይኖር ነበር፤ ሐሳቡ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ የራሱን ካሴት ቀርጾ አዲስ አበባ ላለ ሙዚቃ ቤት መላክ። ዕድሜዬ ሄዷል፣ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ይል ነበር፤ ሲለው ደግሞ አይስቅም፣ ሌላው ነገር ሁሉ እያሳቀው።

አየሩ ቀዝቀዝ በሚልበት ወራት አባቴና አጎቴ ክፍሏን ስቱዲዮ አደረጓት። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጠፉ፣ መስኮቱን በስፖንጅ ፍራሽ ደፈኑት፣ ቴፑንና የድምፅ መቀላቀያውን ከበሩ ውጭ ኮሪደር ላይ ዘረጉት። መቀላቀያው ሁለት ማይክራፎን ብቻ የሚቀበል ነበር፣ ድራም ደግሞ ስንት ድምፅ አለው! አንዱ ማይክራፎን በእግር ለሚመታው ትልቅ ከበሮ ሆነ። ሌላኛው ከላይ ተሰቅሎ የቀረውን ሁሉ መስማት ነበረበትና፣ ከአንድ የመርከብ ሠራተኛ ከተገዛው የአሮጌ ማይክራፎን ካርቶን ውስጥ እየመረጥን ከረምን። አባቴ በገዛ ጆሮው ስለማይተማመን ማዳመጫውን እኔ ራስ ላይ አድርጎ ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞረኝና፣ ማይክራፎኖቹን እየቀያየረ «የቱ ይሻላል?» ይለኝ ነበር። በመልካቸው እንዳልፈርድ ነው። አጎቴ ከዚያ ወዲህ «ዳኛዬ» እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እኔም ኩራቴ አይጣል ነበር።

ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር ሁለት ቀሩ። አንዱን አጎቴ «ደንቆሮው» አለው፤ አፍንጫው ሥር ካለው ነገር ሌላ አይሰማም። ሁለተኛው ቀጭን ነበር፣ ስሙ «ጆሮ ጠቢው» ሆነ፤ የጎረቤት ሳል እንኳ አያመልጠውም። በጆሮ ጠቢው ሲቀረጽ ድራሙ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ ግን የመንገዱን መኪና ጩኸትና ክፍሏን የሚያቀዘቅዘውን የቬንቲሌተር እዝታ አብሮ ያመጣል። አባቴ ሳይወስን ቆየ።

ሰኔ ላይ አንድ የምናውቀው ሾፌር፣ ሙዚቃ ቤቱ የዘመዴ ነው፣ ነገ ንጋት ስወጣ ካሴቱን በእጄ አደርሳለሁ ብሎ መጣ። አጎቴ ከወባ ከተነሳ ሦስት ቀኑ ነበር። እናቴ ገና አልጠናህም ብላ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አልሰማትም። ድራሙን ቀን ላይ ብቻውን ሊቀርጽ፣ ሠርግ ላይ አብረውት የሚሠሩት ዘፋኝና ኦርጋን ተጫዋች አመሻሽ ላይ ከላዩ ሊጨመሩ ተስማሙ። የተመረጠው ሰዓት ቀትር ነበር። አሰብን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በዚያ ሰዓት ሙቀቱን ሸሽቶ ሰው ሁሉ ይተኛል፣ መኪናው ይቆማል፣ ከተማው ጸጥ ይላል። ለመቅረጽ የሚሆን ጸጥታ ያለው ያኔ ብቻ ነበር። እናቴም ፊት ለፊት በረንዳው ላይ ተኝታ ነበር።

አባቴ ቬንቲሌተሩ እንዲሠራ ደንቆሮውን እንስቀል አለ። አጎቴ ሳቀና «ዳኛዬ ትፍረድ» አለ። ሁለቱንም ሰማሁ።

«ሁለተኛው» አልኩ፣ «ግን ቬንቲሌተሩ ይጥፋ።»

ራሴው ገብቼ ነቀልኩት፣ ወጥቼም በሩን ዘጋሁት።

አራት ዘፈን መታ። በየመሀሉ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር፣ ቁና ቁና ሲተነፍስ። ትንፋሽ እንኳ የማያመልጠው ማይክራፎን መረጥኩ ብዬ በልቤ ኮራሁ፣ ለአባቴም አልነገርኩትም። አምስተኛው ዘፈን ላይ ምቱ ዘገየ፣ ከዚያ አንድ ነገር ወደቀና ቆመ። አባቴ ምን ሆነ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። እያረፈ ነው አልኩት። ቴፑ እየዞረ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ትንፋሹም ሲጠፋብኝ ነው ማዳመጫውን አውልቄ የጮህኩት።

በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ። አጎቴ ከበሮው ላይ ተደፍቶ ነበር፣ ገላው ደርቆ እሳት ሆኖ። በዚያው ሾፌር መኪና ሆስፒታል ወሰዱት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ሐኪሙ ሙቀት ነው የገደለው አለ።

እናቴ ከሆስፒታል ተመልሳ ክፍሏ ውስጥ ቆመች፣ የተነቀለውን ገመድ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማነው ያጠፋው?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። አባቴ በዓይኑ ዝም አሰኘኝና «እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴና አባቴ በአንድ ጣሪያ ሥር ባዕድ ሆኑ። ጦርነቱ መጥቶ ከአሰብ ስንወጣም፣ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይተን ስንኖርም፣ ምግቡን ታቀርብለታለች እንጂ አብራው አትቆርስም ነበር። አባቴ አንድም ቀን አልተከራከረም። እኔንም ስለዚያ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ያኔ ተቀይሞኝ ይመስለኝ ነበር። እናት ከሆንኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ገብቶኝ ልነግረው ስል ሞት ቀደመኝ።

አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። የአጎቴ ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር ታለቅስና አባቴን ታነሳለች፤ «ወንድሜን ዘግቶ ገደለው፤ አፈሩ ይቅለለው አልለውም» ትላለች። ያኔ ዝም ያልኩት ልጅ ስለነበርኩ ነው፣ ዝም በይ ስለተባልኩም ነው። ዛሬ አርባ ሊሞላኝ ነው፣ ዝም በይ የሚለኝም የለም። ዘንድሮም ያንኑ ቃል ስትደግም ከጎኗ ነበርኩ። ምንም ስላልመለስኩላት የተስማማሁ መስሏት እጄን ያዘችኝ።