ሳሊሕ ከሹፌሩ ኋላ

ባለቤቴ ሳሊሕ ከኦክላንድ እስከ ሪችመንድ ሃያ ስድስት ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድቶ ባለፈው ወር ጡረታ ወጣ። ልጃችን ዩስራ «ዳድ ሬስት ያድርግ» ብላ ለሁለታችን የቬትናም ትኬት ቆረጠችልን።

ሆ ቺ ሚን ከተማ የቱሪስት አውቶቡስ ያዝን። በአንድ ትኬት ቀኑን ሙሉ ደስ ያለሽ ፌርማታ ላይ ወርደሽ፣ አይተሽ፣ በሚቀጥለው መሳፈር ነው። ሳሊሕ ግን ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ አልወርድም አለ። ሞተር ሳይክሎቹ ከግራ ከቀኝ ሲገቡብን ቀኝ እግሩ ባዶውን ወለል ይረግጣል፤ ፍሬን መያዙ ነው። በየፌርማታው ሰዓቱን እያየ «ሦስት ደቂቃ ሌት ነው፣ ዘግይቷል» ይላል።

«ገበያው አለፈን እኮ! በአላህ ሥራህን እርሳና ከተማውን እይ» እያልኩ ስጨቀጭቀው ዋልኩ።

«እሺ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ከሹፌሩ መስታወት አይነቀልም።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተናድጄ ቀድሜው ወረድኩ። ብጠብቅ ብጠብቅ አይመጣም። በመስኮት ሳይ፣ ኦክላንድ መስመሩን ሲጨርስ እንደሚያደርገው፣ ወንበር ለወንበር ጎንበስ እያለ የተረሳ ዕቃ ይፈልጋል። ቱሪስቱ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በስንት ጊዜው የኔኑ የእጅ ቦርሳ ይዞ ወረደ። እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም።

«ውስጡ ምን አለ?» አለኝ፣ ዕቃ ረስቶ የመጣን ተሳፋሪ ሁሉ እንደሚጠይቀው።

«የሁለታችን ፓስፖርት» አልኩት፣ ቀና ብዬ ሳላየው።