ድምፅ የእህት፣ እጅ የወንድም

የቢቸናዋ ዘሪቱ ስትዘፍን የሰማት ሰው ድምፅዋን አይረሳም። ማሲንቆ ስትመታ የሰማትም አይረሳም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

የተከራየችበት ግቢ ባለቤት እትዬ የሺእመቤት አንድ ጠዋት በሯን አንኳኩተው፣ «ዘሪቱ፣ ድምፅሽን እኮ ሰፈሩ ሁሉ ይወደዋል። ያንን ነገር ግን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብታደርጊው ምን አለበት? በግ የሚታረድ መስሎኝ ደንግጬ ወጣሁ» አሏት።

«እሺ፣ እትዬ» አለች ዘሪቱ። በሩን ዘግታ ደጋኑን አልጋው ላይ ወረወረችው። ጥቂት ቆይታ መልሳ አነሣችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኑሮዋ እንዲሁ ነበር፤ መወርወርና ማንሣት።

አባቷ ወልደ ኪዳን ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ያለ እርሳቸው ድግስ የማይደምቅ አዝማሪ ነበሩ። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ታላቋ ዘሪቱ፣ ታናሹ ምናለ። ለእርሷ ድምፅ፣ ለእርሱ እጅ ተሰጣቸው። አባት ማሲንቆውን ለወንዱ አስተማሩት። ዘሪቱ ገና ልጅ ሳለች አንድ ቀን ልትነካው ብትሞክር፣ «አንቺ ዜማሽን ያዢ። ሴት ትዘፍናለች፤ ወንድ ይመታላታል» ብለው ከእጇ ወሰዱባት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እርሳቸውም ከአባታቸው ያዩት ይህንኑ ነው።

አባትየው ካረፉ በኋላ እህትና ወንድም ዐሥራ ሦስት ዓመት አብረው ሠሩ። የምናለ እጅ እህቱ ልትል ያሰበችውን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ትንፋሽ ሲያጥራት ይሞላላታል፤ ግጥም ሲጠፋባት እስኪመጣላት ድረስ ዜማውን እያዞረ ይጠብቃታል። ድምፅ ግን የለውም። አፉን ሲከፍት ሽማግሌ የሚያስል ይመስላል፤ ሰው ይስቅበታል። እርሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚፈልገው መዝፈን ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ ኦርጋን ይዞ መጣ። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ከበሮው በራሱ ይመታል፤ ሌላውን ሲጫኑት ማሲንቆ የሚመስል ድምፅ ይወጣል። ማይክራፎኑ ደግሞ የሻከረ ጉሮሮ አለስልሶ ያወጣል።

«እታለም፣ እንግዲህ ዘመኑ ይሄ ነው» አላትና የአባታቸውን ማሲንቆ ትቶላት ለብቻው ሠርግ ለሠርግ መዞር ጀመረ።

ዘሪቱ ሌሎች መቺዎችን ሞከረች። አንዱ ጠጥቶ ይመጣል። አንዱ እርሷ ስትጀምር ይጨርሳል። የመጨረሻው ጭራሽ ቀረ፤ ሠርገኛው ተሰብስቦ ድንኳኑ መካከል ለብቻዋ ቆማ፣ በጭብጨባ ብቻ ስትዘፍን ዋለች። ያን ቀን ቤቷ ገብታ የአባቷን ማሲንቆ ከተሰቀለበት አወረደች። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።

ቀላል ይሆናል ብላ ነበር። ዜማውን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ሥር ሲመታ ኖሯል። ግን ጆሮዋ ያወቀውን ጣቷ አላወቀውም። ትዝታው ከስድስት ወር በኋላ እንደ ምንም ተገኘ። የባቲ ቅኝት እምቢ አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁለቱን ማገናኘቱ ነበር። ስትዘፍን እጇ ይቆማል፤ እጇን ስታስብ ግጥሙ ይጠፋል። ስልኳ ላይ የሌሎችን ቪዲዮ እየደጋገመች ታያለች። መቺዎቹ እየሳቁ፣ እንግዳ እያዩ፣ ዓይናቸውን እንኳ ጣታቸው ላይ ሳያሳርፉ ይመታሉ። ይህ ያበሽቃታል።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሞጣ ውስጥ አዲስ የተቋቋመ የባህል ማኅበር ለቡድኑ ሰው እንደሚመርጥ ተሰማ። የድምፃውያን ምድብ ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቀበልም። «በራሱ መሣሪያ ራሱን አጅቦ የሚዘፍን» የሚለው ምድብ ግን የዕድሜ ገደብ የለውም። ዘሪቱ ማሲንቆዋን በነጠላ ጠቅልላ በጠዋቱ መኪና ሞጣ ገባች።

አዳራሹ በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል ምናለን አገኘችው፤ ኦርጋኑን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፏል።

«አንተም ለዚሁ ምድብ ነው?» አለችው።

«ለዚሁ ነው» አለና ነጠላውን አየ። «እታለም፣ ይሄን ነገር ተይው። ከእኔ ጋር ግቢ፤ እኔ ኦርጋኑን እይዛለሁ፣ አንቺ ትዘፍኛለሽ።»

«ምድቡ የአንድ ሰው ነው።»

«እናስፈቅዳለን።»

«አንተ ማሲንቆውን ብትይዝ አብሬህ እገባ ነበር» አለችው። ምናለ ፊቱን አዞረ።

እርሱ ቀድሞ ተጠራ። በሩ ክፍት ስለነበር ዘሪቱ ውጭ ቆማ ሰማችው። ከበሮው ራሱን መታ፤ ማሲንቆ መሳዩ ድምፅ ራሱን አዜመ፤ የወንድሟ ጉሮሮ በማይክራፎኑ ተለሳልሶ ወጣ። ሁለት ጣት ብቻ ነው የሠራው። ያ እጅ፣ አባቷ «የእኔን ያስረሳል» ያሉለት እጅ፣ ቁልፍ ሲጫን ስታይ ጥርሷን ነከሰች። ተጨበጨበለት።

ከሁለት ሰው በኋላ ተራዋ ደረሰ። ከሦስቱ ዳኞች መካከል የተቀመጠችው መምህርት መክሊት የምትባል፣ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ወጣት የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች። «ይጀምሩ» አለቻት በአክብሮት።

ዘሪቱ ትዝታን ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ግጥሙን ስታስብ ደጋኑ ተንሸራተተና ጭራው ሲጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ያው ቦታ ላይ ተበላሸባት። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር ሦስት ደቂቃ መቆም አቃተው። ማሲንቆውን ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ አስተኛችውና ቀና ብላ፣ ያለ ምንም አጃቢ፣

«ቢቸና ተነሥቼ ሞጣ ላይ ብወጣ፣
እጄ መንገድ ቀርቶ ድምፄ ብቻ መጣ»

አለች። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ቀጠለች፤ ሳቁ ቀረ። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ወደ በሩ ተጠጉ። ስትጨርስ ከዳኞቹ አንዱ፣ ነጭ ሪዝ ያላቸው ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ውጤቱ ከምሳ በኋላ ተነገረ። ምናለ አልፏል። ዘሪቱ አላለፈችም።

መምህርት መክሊትን ደጅ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። «ምን አጎደልኩ?»

«ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ የእርስዎን ድምፅ የሚደርስበት የለም» አለች መክሊት። «ግን ምድቡ በራስ መሣሪያ አጅቦ መዝፈን ነው። እርስዎ መሣሪያውን አስቀመጡት። የምንሞላው ቅጽ ላይ ለመሣሪያ ሃምሳ ነጥብ አለ፤ ምን ልስጥዎት?»

«ወንድሜስ? እርሱ መች ተጫወተ? ማሽኑ ነው የተጫወተለት።»

መምህርቷ ወደ መሬት አየች። «ቅጹ ኦርጋንን መሣሪያ ይለዋል» አለች። «እኔም አልወደድኩትም። ግን ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ አይደለሁም።»

ዘሪቱ የምትናደድበት ሰው አጣች። ልጅቱ የተናገረችው እውነት ነው፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠላት።

መናኸሪያ ገብታ የቢቸና መኪና እስኪሞላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ምናለ ተከትሏት መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ሳይጠይቃት ነጠላውን ፈታ፣ ማሲንቆውን አወጣ፣ ጭራውን አጥብቆ ቃኘውና አንድ ጊዜ ብቻ ደጋኑን ሳበ። በእርሷ እጅ የሚታረድ በግ የሚመስለው ዕቃ ሙሉ ድምፅ አወጣ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ዞር ብላ አየች።

«ይሄ ዘንግ ለአባዬ ክንድ የተቆረጠ ነው» አላት። «አንቺ ላይኛው ጫፍ ለመድረስ ትከሻሽን ታነሺያለሽ። ትከሻሽ ሲነሣ ትንፋሽሽ ይታፈናል። እየመታሽ መዝፈን የሚያቅትሽ ለዚያ ነው። አራት ጣት ያህል ማሳጠር ነው።»

ዘሪቱ ወደ እርሱ ዞረች። «መቼ ነው ይሄን ያወቅኸው?»

«አምና ፋሲካ ቤትሽ መጥቼ ሳይሽ።»

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ምናለ፣ ጣቴ እስኪቆስል ስመታ እያየህ?»

ወንድሟ ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አገላበጠው። «ብነግርሽ፣ "እንግዲያ አንተው ያዘው" ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እኔ ይሄን ይዤ ስሄድ ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ ደጅ ነው የሚያበሉኝ። ኦርጋኑን ይዤ ስሄድ "አርቲስት" ብለው ወንበር ይስቡልኛል። አንቺ ይሄን አታውቂውም።»

«እንዴት አላውቀውም?» አለች ዘሪቱ። «ደጅ ስትበላ አጠገብህ ተቀምጬ ስበላ የነበርኩት እኔ አይደለሁ?»

ረዳቱ «ቢቸና! ቢቸና!» እያለ ሲጣራ ምናለ ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ ሰጣት፤ እርሷም ሳትሰናበተው ገባች።

ማሲንቆውን ለማሳጠር ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አናጢው ቤት ሁለቴ ሄዳ ሁለቴ ተመለሰች፤ የአባቷን ዕቃ በመጋዝ ማስነካት ከበዳት። በሦስተኛው ዓይኗን ጨፍና አስቆረጠችው። ለውጡ ወዲያው ታወቀ፤ ትከሻዋ ወረደ፣ ትዝታን እየመታች መዝፈን ቻለች። በጥር ደብረ ወርቅ አንድ ሠርግ ላይ ለብቻዋ ሠራች። አንድ አዛውንት ሲሸልሟት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እጅሽ ግን ገና ነው» አሏት። «ገና ነው፣ አባቴ» አለችና ቀጠለች። እስከ ማታ ስታስበው ዋለች።

የካቲት ላይ ምናለ ከሞጣ ደወለ። ከመናኸሪያው ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።

«እታለም፣ ማይክራፎኑን ወሰዱብኝ።»

«ማን?»

«ቡድኑ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የሰው ማሲንቆ አንሥቼ ስነካካ አለቃው ሰማኝ። አሁን አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ትዘፍናለች፤ እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ እመታላታለሁ።»

ዘሪቱ ሳቅዋ መጣባት። ግን የወንድሟ ድምፅ ስልኩ ውስጥ የሰለለ ነበርና ዋጠችው። «ልጅቱስ ትችላለች?»

«ከአንቺ ጋር አትነጻጸርም። ትንፋሽ የት እንደምትወስድ እንኳ አታውቅም።»

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ? እየመታሁ ነው።»

ከዚያ ዘሪቱ ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችና ማሲንቆውን አቀፈች።

«ባቲ ላይ ሦስተኛው ጣቴ የት ነው የሚያርፈው?» አለችው።

«ምቺውና ልስማ።»

መታች።

«አይደለም። ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረገችው።

«አሁን ደግሞ በዛ። እንደገና።»

እንደገና መታች፤ እንደገና ተሳሳተች። ከግቢው ማዶ የእትዬ የሺእመቤት መስኮት ሲዘጋ ተሰማ። ምናለ «ደህና ነው፣ አሁን ትንሽ…» ብሎ ሳይጨርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ዘሪቱ ደጋኑን በጥርሷ ይዛ መልሳ ደወለችለት።