የዳማው ሆድ

ባለቤቴ ሞጣ ለሥራ እንደ ሄደ እዚያው ማረፉ፣ ቢቸና ቤታችን ሳለሁ የተነገረኝ በክረምት፣ በጠዋት ነው። አስከሬኑ እስኪመጣ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። እንደ ወጉ በለቅሶው ላይ ዳማ ፈረሱ ተጭኖ እንዲዞር ሊያመጡት ቢሄዱ፣ ከግቢው ፊት ለፊት ባለው መስክ ላይ ሲንከባለል አገኙት።

«እንስሳው እንኳ የጌታውን ሞት ዐወቀ!» እያሉ ሰዎቹ ለቅሶው ባሰባቸው።

እኔ ግን ዳማው ዞር እያለ ጎኑን ሲያይ አየሁት። ባለቤቴ በክረምት ድርቆሽ ሳያስቀድምለት ለጋ ሣር ላይ አይለቀውም ነበር፤ በዚያ ጠዋት ማን ያስታውስ? ሆዱ ተነፍቷል። ከእሱ የቀረኝ ይኸው ፈረስ ነውና ሄጄ የአንገቱን ገመድ ያዝሁ።

«አንቺ! የልጄ ሬሳ እየመጣ ፈረስ ታዞሪያለሽ?» አሉኝ አማቴ።

«እማማ፣ ከተኛ ይሞትብኛል።»

በለቀስተኛው ፊት እየጎተትሁ አዞርሁት። ብዙ ዙር ከዞርን በኋላ ጅራቱን አነሣና ፋንድያውን ዘረገፈው። ዳነልኝ ብዬ ሳላስበው እልል አልሁ።

ቀና ስል አስከሬኑ ደጃፉ ላይ ደርሷል።

ሰው ሁሉ አበደች አለ። እሱ ግን ቢሰማኝ ኖሮ፣ «ድርቆሹን ረሳችሁት እንዴ?» ነበር የሚለኝ። እባካችሁ፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።